ዕዳ ከሜዳ፦ በቢሮ ስሕተት የተከፈለ ገንዘብ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከትምህርት በኋላ በምናደርገው ውይይት ላይ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሲነሣ ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን የቀረበው ሻይ ቀዝቅዞ፥ ወንበሩ ተሰብስቦ፥ እኛም መልስ ሳናገኝለት ተለያየን። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ ሰው ምንም ሳይዋሽና ምንም ሳይደብቅ፥ የመንግሥት ቢሮ በራሱ ስሕተት ከሚገባው በላይ ድጎማ ቢከፍለው፥ ከብዙ ጊዜም በኋላ ስሕተቱን አግኝቶ «መልስ» ቢለው፥ ያ ሰው የመመለስ ግዴታ አለበትን?

አንዱ ወንድማችን ወዲያው ተነሥቶ «አዎን፥ አለበት፤ የራስ ያልሆነን መያዝ ስርቆት ነው» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «የተሳሳተው ቢሮው ነው፤ የተሳሳተ ይክፈል፤ ድሀ በበላው እንጀራ ለምን ይጠየቃል?» ስትል መለሰች። ሁለቱም አጨብጫቢ አላጡም። እኛ ግን ነገሩን ደጋግመን ስናስበው ሁለቱም የእውነትን ግማሽ ብቻ የያዙ መስሎ ታየን። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ሁለቱን ግማሾች ለማገናኘት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚህ በእንግሊዝ አገር ያደግን ወጣቶች የወላጆቻችንን ደብዳቤ የምናነብ እኛው ነን። ቡናማው ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ሲወድቅ እናቶቻችን ከፍተው አያነቡትም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እኛ ከትምህርት ቤት እስክንመለስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የፍልስፍና ጨዋታ አይደለም፤ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀን ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ነገሮችን እንለያይ። ከሚገባው በላይ የተከፈለ ድጎማ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ተቀባዩ ሆን ብሎ ሲያታልል ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ ሳያውቅ ሲሳሳት፥ ለምሳሌ የሥራ ሰዓቱ መጨመሩን ማሳወቅ ሲዘነጋ ነው። ሦስተኛው ተቀባዩ ሁሉን በትክክል አሳውቆ ሳለ ቢሮው ራሱ ሲሳሳት ነው፤ የተነገረውን ሳይመዘግብ፥ ወይም የተሳሳተ ቁጥር አስገብቶ፥ ወይም ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ተርጕሞ ሊሆን ይችላል። ስለ መጀመሪያው ብዙ መከራከር አያስፈልገንም፤ ማታለል ኃጢአት ነው፤ የወሰደ ይመልስ፥ ንስሐም ይግባ። እኛን ያከራከረን ሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በኦሪት ዘፍጥረት የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ መውረዳቸውን ሁላችንም ተምረናል። ከፍለው፥ እህላቸውን ጭነው፥ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንዱ በማደሪያው ስልቻውን ቢፈታ የከፈለው ብር በስልቻው አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። በዚያን ጊዜ አልተደሰቱም፤ ደነገጡ፥ ተንቀጠቀጡም። ሁለተኛ ወደ ግብፅ እንዲወርዱ ግድ በሆነባቸው ጊዜ አባታቸው ያዕቆብ ብሩን በእጥፍ ይዘው እንዲሄዱ፥ የተመለሰውንም ብር መልሰው እንዲወስዱ አዘዛቸው፤ ምናልባት በስሕተት የሆነ ነገር ይሆናል ብሎ አስቦ ነበርና። እነርሱም ወደ ዮሴፍ ቤት ሲወሰዱ ባሪያ አድርጎ ሊይዘን ነው ብለው ፈሩ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው በደጁ ላይ ለቤቱ አዛዥ ነገሩን ሁሉ ነገሩት። አዛዡም አስቀድሞ ሰላምን ነገራቸው፤ እንዳይፈሩም አጽናናቸው፤ ብራቸው እንደ ደረሰውም አስታወቃቸው።

ብሩ በስልቻቸው የተከተተው በዮሴፍ ትእዛዝ እንጂ በእውነተኛ ስሕተት አልነበረም፤ እነርሱ ግን ይህን አላወቁም። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ሳያውቁ ያደረጉት ነው። ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፥ ስሕተት ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ያዕቆብ «ስሕተቱ የእነርሱ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» አላለም። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉትም ይህንኑ ነው። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሳይገባ የተከፈለ ነገር እንዲመለስ ይደነግጋል፤ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰውም እንዲክስ ያዛል። ሁለተኛ፥ ስሕተቱን ያወቀ ሰው ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋል። ሦስተኛ፥ የቤቱ አዛዥ በደጁ ቆመው የሚንቀጠቀጡትን ሰዎች በሰላም ቃል ተቀበላቸው እንጂ በማስፈራራት አልጀመረም። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

እንግዲህ ወንድማችን በዚህ ረገድ ልክ ነበረ። ሆኖም በያዕቆብ ልጆችና በዛሬዋ እናት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የያዕቆብ ልጆች ብሩን ያገኙት እንደ ተቋጠረ ነው፤ የእነርሱ እንዳልሆነም ወዲያው አውቀዋል። አሁን ግን አንዲት እናት እናስብ። ሁለት ልጆች አሏት፤ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፤ የወር ድጎማዋ ከሌላው ገቢ ጋር ተደባልቆ ባንክ ይገባል። ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ እንኳን እርሷ እኛ ዩኒቨርሲቲ የምንማረው በቀላሉ አንረዳውም። ደውላ ጠይቃለች፤ «ትክክል ነው» ተብላለች። ገንዘቡ ኪራይ ሆነ፥ ጫማ ሆነ፥ የመብራት ካርድ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ይመጣል፦ በስሕተት ከፍለንሻልና መልሺ የሚል። ይህች እናት በስልቻዋ ያገኘችው የተቋጠረ ብር የለም። ያገኘችው ዕዳ ከሜዳ ነው።

የዚህ አገር ሕግ ራሱ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ሕሊና ያለው ይመስላል። በ1992 በወጣው የሶሻል ሴኪዩሪቲ አስተዳደር ሕግ መሠረት በብዙዎቹ ድጎማዎች ላይ ትርፍ ክፍያ ሊጠየቅ የሚችለው ተቀባዩ የተሳሳተ ነገር ሲናገር ወይም ሊያሳውቅ የሚገባውን ሳያሳውቅ ሲቀር ነበር። ጥፋቱ የቢሮው ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን የማስመለስ ሥልጣን በሕጉ አልተሰጠም። ቢሮው በሌላ የሕግ መንገድ ሊያስመልስ መሞከሩንም የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2010 አይቻልም ብሎ ወሰነ። ሃውዚንግ ቤኔፊት በሚባለው የቤት ኪራይ ድጎማ ላይ ያለው ደንብ ደግሞ፥ ስሕተቱ የባለ ሥልጣኑ ሲሆንና ተቀባዩም በጊዜው ትርፍ መሆኑን ሊገነዘብ ይችል ነበር የማይባል ሲሆን፥ ገንዘቡ አይመለስም ይላል። ይህ ደንብ የሰውን ልብ የሚመረምር ነው፤ «ታውቅ ነበር ወይ? ልታውቅስ ትችል ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃልና።

በ2012 የወጣው የዌልፌር ሪፎርም ሕግ ግን ነገሩን ለወጠው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው ድጎማና ከእርሱ ጋር በመጡት አዳዲስ ክፍያዎች ላይ፥ ትርፍ የተከፈለ ሁሉ በማንም ስሕተት ይሁን በማን ሊመለስ የሚችል ሆነ። ለቢሮው የቀረለት የምሕረት ሥልጣን ነው፤ ይኸውም ቢፈልግ ዕዳውን ሊተው ይችላል። ትናንት መብት የነበረው ዛሬ ልመና ሆነ ማለት ነው። ሆኖም የምሕረት ሥልጣንም ቢሆን እንደ ፈቀዱ የሚሠሩበት አይደለም። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከፍተኛው ችሎት የአንዲት ሴትን ጉዳይ ተመልክቶ ነበር፤ ክፍያው ልክ መሆኑን ጠይቃ ልክ ነው ተብላ የተረጋገጠላትን ይህችን ሴት፥ ቢሮው ከስምንት ሺህ ፓውንድ በላይ አስከፍልሻለሁ፥ ዕዳውንም አልተውም ማለቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ፈረደ። ችሎቱም ቢሆን የሰጡትን ቃል መብላት ዋጋ እንዳለው አልዘነጋም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ማኅበራዊ ኑሮ እንመለስና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ዕድር ጸሐፊ ተሳስቶ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ደንቡ ከሚያዘው በላይ ገንዘብ ሰጠ እንበል። ቤተሰቡ ድንኳን ተከለበት፥ ለቀስተኛ አስተናገደበት። ከዓመት በኋላ የሒሳብ መርማሪው ስሕተቱን ደረሰበት። የዕድሩ ሽማግሌዎች ምን ያደርጋሉ? ሽማግሌዎቹ አስተዋዮች ከሆኑ መጀመሪያ ጸሐፊውን ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ቤተሰቡ ያውቅ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ይመረምራሉ። ቀጥሎም ቤተሰቡ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ያያሉ። አቅም ካለው «እስቲ ቀስ እያላችሁ መልሱ» ይላሉ፤ ከሌለው «ለሐዘን የወጣ ነው፤ ይለፍ» ይላሉ። በሐዘንተኛው ደጅ ቆመው «ዕዳ አለብህ» ብለው የሚጮኹ ቢሆኑ ግን ዕድሩ ዕድር መሆኑ ይቀራል። ድጎማም በመሠረቱ የአገር ዕድር ነው፤ ሁሉም እንደ ዐቅሙ ያዋጣል፥ የከፋው ቀን የደረሰበት ይቀበላል።

ከዚህ ምሳሌ የምናወጣው ሚዛን ይህ ነው፤ የመመለስ ግዴታ በሦስት ነገሮች ይመዘናል። ሰውየው ዐውቆ ነበር ወይ? ገንዘቡ ዛሬ በእጁ አለ ወይ? መመለሱ ኑሮውን ያፈርሳል ወይ? ዐውቆ ዝም ያለ ሰው ዕዳው ሙሉ ነው። ሳያውቅ የተቀበለና ገንዘቡ በእጁ ያለ ሰው እንደ ያዕቆብ ልጆች ይመልስ። ሳያውቅ ተቀብሎ በልጆቹ ሆድ ያገባውን ሰው ግን «ሙሉውን አምጣ» ማለት የቢሮውን ጥፋት በእርሱ ጀርባ መጫን ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የተባለው ለዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «መንግሥት ብዙ ሕዝብ ያስተዳድራል፤ እንደ ዕድር ሽማግሌ የእያንዳንዱን ፊት አይቶ ሊፈርድ አይችልም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ብዙ ነው። ነገር ግን ፊትን ሳያዩ መፍረድ የት እንደሚያደርስ በቅርብ ዓመታት ታይቷል።

በአውስትራሊያ «ሮቦዴት» የተባለው አሠራር ከ2016 ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ ዋለ። ኮምፒዩተሩ የአንድን ሰው የዓመት ገቢ ከግብር መሥሪያ ቤት ወስዶ ለ26 እኩል በማካፈል በየሁለት ሳምንቱ ያን ያህል አግኝተሃል ይል ነበር። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ያጣ ሰው፥ ሥራ ባጣበት ጊዜም ሲሠራ እንደ ነበረ ተቈጥሮ ዕዳ ይጻፍበታል። አለመሆኑን የማስረዳቱ ሸክምም በእርሱ ላይ ወደቀ፤ የዓመታት በፊት የደመወዝ ወረቀት አምጣ ተባለ። በኖቬምበር 2019 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በዚህ መንገድ የተሰላ ዕዳ ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው አረጋገጠ። በሜይ 2020 መንግሥት ወደ 470 ሺህ በሚሆኑ ዕዳዎች የሰበሰበውን 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ። በጁላይ 2023 ሪፖርቱን ያወጣው የምርመራ ኮሚሽንም አሠራሩን በብርቱ አወገዘ። ይህ ከእኛ ጥያቄ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ እዚያ የተሳሳተው ክፍያው ሳይሆን ዕዳው ራሱ ነበርና። ስለዚህ «ልመልስ ወይስ አልመልስ?» ከማለት በፊት «በእርግጥ አለብኝን?» ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

በኔዘርላንድስም ለሕፃናት መዋያ በሚሰጥ ድጎማ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ወላጆች አንዲት ወረቀት ጎደለች፥ ጥቂት ገንዘብ አልተከፈለም እየተባሉ የወሰዱትን ሁሉ በሙሉ እንዲመልሱ ታዘዙ፤ አታላዮችም ተባሉ። ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ወይም የስደተኞች ልጆች ነበሩ። ነገሩ ተገልጦ በጃንዋሪ 2021 መንግሥቱ ሥልጣኑን ለመልቀቅ ተገደደ። ስማችንና መልካችን እንግዳ የሆነብን እኛ ይህን ስናነብ የሌላ ሰው ወሬ አድርገን ልናልፈው አንችልም።

በዚሁ በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሽተኛ ወይም አካለ ስንኩል ዘመዳቸውን በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለሚንከባከቡ የሚሰጠውን አበል እንመልከት። በ2024 አበሉ በሳምንት 81 ፓውንድ ከ90 ፔኒ ነበር፤ ሠርተው ሊያገኙ የሚፈቀድላቸውም እስከ 151 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከዚህ በአንድ ፓውንድ ያለፈ ሰው አንዱን ፓውንድ ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን አበል በሙሉ ያጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ፓውንድ ያለፈች ሴት 52 ፓውንድ አትርፋ 4,258 ፓውንድ ከ80 ፔኒ ባለ ዕዳ ትሆናለች። በሕጉ ለውጡን ማሳወቅ የእርሷ ግዴታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቢሮው የደመወዝ መረጃ ከግብር መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር ይደርሰው ነበር፤ ሁሉንም በጊዜው ስላልመረመረ ዕዳው ለብዙዎች እስከ ዓመታት ተከመረ። ወሰኑ በኤፕሪል 2025 ወደ 196 ፓውንድ ከፍ ተደረገ። በመንግሥት የታዘዘው ገለልተኛ ምርመራም በኖቬምበር 2025 ሲወጣ፥ በመመሪያ ጉድለት የተጫኑ ዕዳዎች እንደገና እንዲታዩ መንግሥት ቃል ገባ። አይቶ ዝም ያለ ጠባቂ በሩን አልፎ የገባውን ሰው ብቻ ሊወቅስ ይችላልን?

ስሕተቱ በተቃራኒው መንገድም ይሄዳል። የመንግሥት ጡረታ ላይ ከ1985 ጀምሮ በተከማቸ የቢሮ ስሕተት ምክንያት በባሎቻቸው መዋጮ ተጨማሪ ሊከፈላቸው ይገባ የነበሩ ያገቡ ሴቶች፥ ባሎቻቸው የሞቱባቸውና ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ጎድሎባቸው ኖሯል። በ2021 በተጀመረው እርማት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ ጎደለባቸው ተገኘ። ብዙዎች ግን ገንዘባቸውን ሳያዩ ሞተዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቢሮው ለሰው ሲያጎድል ሰዎቹ 20 እና 30 ዓመት ጠብቀዋል፤ ሰው ለቢሮው ሲያጎድል ግን ቢሮው ከሚቀጥለው ወር አበል ይቈርጣል። ሚዛኑ በአንድ በኩል ብቻ የሚከብድ ከሆነ ሚዛን አይባልም።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አበዳሪ ሲናገር ምን ያህል ጠንቃቃ እንደ ሆነ እንመልከት። በኦሪት ዘዳግም አበዳሪ የድሀውን የወፍጮ ድንጋይ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ታዝዟል፤ የወፍጮው ድንጋይ የሰውየው ሕይወት ነውና። መያዣም ሊቀበል ሲሄድ ወደ ቤት ገብቶ እንዳይመርጥ፥ በውጭ ቆሞ ባለ ዕዳው እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ታዝዟል። የድሀውን ልብስ ቢይዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ታዝዟል። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ትእዛዛት ውስጥ ዕዳው ሐሰት ነው አልተባለም። ዕዳው እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ዕዳም ቢሆን ሰውን ራቁቱን ማሳደር አይችልም። በወንጌልም ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘው አብልጠው እንዳይወስዱ ብቻ ነገራቸው። ዘኬዎስም ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። እንግዲህ የመመለስ ትእዛዝ ለባለ ዕዳ ብቻ አልተሰጠም፤ በቀረጥ ወንበር ላይ ለተቀመጠውም ተሰጥቷል።

በዚህ ሁሉ እኅታችንን ብቻ የደገፍን እንዳይመስልባችሁ። የድጎማው ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። አውቶቡስ የሚነዳ አባታችን፥ በሆስፒታል ሌሊት የምታድር እኅታችን ከደመወዛቸው የተቈረጠ ነው። «የመንግሥት ነው» ብሎ እንደ ባለቤት አልባ ነገር ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። በሒሳባችን ላይ ያልጠበቅነው ገንዘብ ሲገባ «እግዚአብሔር ሰጠን» ብለን ዝም የምንል ከሆነ የፈጣሪን ስም ለስንፍናችን መሸፈኛ አድርገናል። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ሊጠይቅ ይገባዋል። የሚያስቸግረው መሐል ላይ ያለው ሰው ነው፤ ጠርጥሮ ሳለ «ባልጠይቅ ይሻላል» ብሎ ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው። ይህን ሰው ቢሮው ላያውቀው ይችላል፤ እርሱ ግን ራሱን ያውቃል፤ የንስሐ አባቱም ይጠይቁታል። ስለ እርሱ እኛ የምንፈርደው የለንም፤ ብንጠየቅ ግን «የምትችለውን ያህል ቀስ እያልህ መልስ፥ ሕሊናህም ይረፍ» ብለን እንመክረው ነበር።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? አስቀድመን በእኛ ላይ ያለውን ጥፋት እንናዘዝ። ፖስታው ሲመጣ ፈተና ደርሶብን፥ ወይም ተሰላችተን፥ ሁለት መስመር አንብበን «ምንም አይደለም እማዬ» ብለን በመሳቢያ የከተትን ጥቂቶች አይደለንም። እናታችንም አምናን ትተኛለች። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ግን ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቂያው ጊዜ አንድ ወር ብቻ መሆኑ ተጽፎ ነበር። እኛ በቤታችን የቢሮ ሹም ነን፤ የእኛ ስሕተትም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ቢሮውን ከመውቀሳችን በፊት ይህን እናስብ።

ስለዚህ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው እናንብብ፤ ቀኑንም በካሌንደር ላይ እንጻፍ። እናታችን ሥራ ስትቀይር ወይም ሰዓት ሲጨመርላት በዚያው ቀን እናሳውቅ፤ ያሳወቅንበትን ማስረጃም እናስቀምጥ። በስልክ የተነገረ ነገር ካለ ቀኑንና የተባለውን በደብተር እንመዝግብ፤ በኦንላይኑ ጆርናልም ላይ እንጻፈው። የዕዳ ደብዳቤ ሲመጣ ሒሳቡ በዝርዝር እንዲሰጠን እንጠይቅ። ስሕተቱ የቢሮው ከሆነና መክፈሉ ቤተሰቡን የሚጎዳ ከሆነ፥ ዕዳው እንዲተው ምክንያቱን ዘርዝረን በጽሑፍ እናመልክት። የምንከፍል ከሆነም ከዐቅም በላይ እንዳይቈረጥ እንጠይቅ፤ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ከዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ለዕዳ የሚቈረጠው ድምር በጠቅላላው ከመደበኛው አበል ከመቶ 15 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ነገሩ ሲከብድም ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደ መሰለ ነፃ ምክር ወደሚሰጥ ድርጅት እንሂድ። ከሁሉም በላይ አንዲት ቃል እንኳን አንዋሽ። እውነተኛ ቅሬታ ውስጥ የገባች አንዲት ሐሰት ቅሬታውን በሙሉ ታበላሻለች።

ሌላም ነገር አለ። ከእኛ መካከል ሒሳብ የምንማር፥ ኮምፒዩተር የምንማር፥ ሕግ የምንማር አለን። ነገ ያን ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ያን ፕሮግራም የሚሠራ፥ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ቁጥሩን ከማውጣታችን በፊት በቁጥሩ ማዶ ያለውን ጠረጴዛ፥ ፖስታውንም ሳትከፍት ልጇን የምትጠብቀውን እናት እናስታውስ። ከተሳሳትንም «ተሳስተናል» ብለን እንጻፍ፤ ደብዳቤውንም እንደ ዮሴፍ ቤት አዛዥ በሰላም ቃል እንጀምር።

ወንድማችን «መልስ» ያለው ልክ ነው፤ እኅታችን «አታስጨንቁ» ያለችውም ልክ ናት። የተቀበለ ሰው በእውነት ይጠየቅ፤ የሰጠ ቢሮም በእውነት ይጠየቅ። በሚቀጥለው ውይይታችን ከእናንተ መካከል ሌላ ሐሳብ ያለው ቢኖር ጽፎ ያምጣልን፤ በዚችው መጽሔታችን ላይ ደስ ብሎን እናወጣለታለን።

ልዑል እግዚአብሔር በጥቂቱ የታመንን ያድርገን፤ የወላጆቻችንን ድካም የምናስብበትንም ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።